ቀስ ብሎ የሚናገር ባላባት

ዕድሜዬን ሙሉ ጀግና ሆኜ አላውቅም። በመድረክ ላይ ማለቴ ነው፤ ከመድረክ ውጭም ማንም ጀግና ነህ ብሎ አልጠረጠረኝም። ደርግ በነበረበት ዘመን ሁሉ ባላባት ነበርኩ፣ ጭቃ ሹም ነበርኩ፣ አራጣ አበዳሪ ነበርኩ፣ የኢምፔሪያሊዝም ሰላይ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ወባ ነበርኩ። ወባን የተጫወትኩት ለጤና ቅስቀሳ ነው። ጥቁር ጆንያ አጥልቀውልኝ፣ ከሽቦ የተሠራ መርፌ አፍንጫዬ ላይ አስረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ገበያ መሃል ለቀቁኝ። አንዲት ሙዝ ሻጭ ዘንቢሏን አንስታ ጀርባዬን ደህና አድርጋ አቀመሰችኝ። ስለ ትወናዬ ከተሰጡኝ አስተያየቶች ሁሉ ከልብ የመጣው እሱ ይመስለኛል።

የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን ውስጥ የገባሁት አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ከጨንቻ ወርጄ አርባ ምንጭ ትምህርቴን ጨርሼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ እየዋጥኩ ነበር። ድምፅ የለኝም፣ እስክስታ ላይ ትከሻዬ እንደ ዛገ በር ነው፣ መልክም እግዜር ሲያድል እኔ ተኝቼ ነበር። ቡድኑን የሚመራው ካድሬ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ሲጎረጉር የሚውል አጭር ሰው ነበር፤ ለፈተና ቆሜ ሳለ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ይሄ ፊት ለባላባት ይሆናል» አለ። ይግባኝ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ባላባቴ መሳቂያ ሆነ። ሆዴ ላይ ትራስ አስሬ፣ ጭራ ይዤ፣ እንደዚያን ጊዜ የመድረክ ባላባቶች ሁሉ እየጮህኩ ወጣሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተወደድኩ ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ ካድሬው ኮሌታዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ሕዝብ በጠላቱ አይስቅም» አለኝ። «የሳቀበትን ይወደዋል። በሚቀጥለው ትርዒት ከሳቁ፣ አንተ ራስህ ለፊውዳሉ ምን ያህል አንጀትህ እንደሚባባ እናጣራለን።»

ያን ጊዜ «እናጣራለን» ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሊጣሩ ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሚስቶቻቸውን በየቀኑ መንገድ ላይ እናገኛቸው ነበር፣ ሰላምታ መስጠት ግን እንፈራ ነበር።

ትራሱን ጣልኩና ማሰብ ጀመርኩ። በሕይወቴ ያስፈራኝን ሰው ሁሉ በሐሳቤ አሰለፍኩ፤ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ፖሊሱን፣ ካድሬውን ራሱን። ሁሉም ይጮሃሉ። ጩኸት ደግሞ ያስደነግጣል እንጂ አያስፈራም። ከልብ የፈራሁት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጮሆ አያውቅም። አባቴ።

አባቴ ጨንቻ ላይ ሸማኔ ነበር። ከእንሰት ጓሮው በቀር መሬት የለውም፤ ርስቱ እግሩን የሚከትባት የሽመና ጉድጓድ ናት። ሲቆጣ ድምፁ ይወርዳል። ከመናገሩ በፊት፣ ክር የተሰነቀረበት ይመስል ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ደረቅ አድርጎ ይጠርጋል፣ አውራ ጣቱን በታችኛው ከንፈሩ ላይ ያሳልፋል፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ይናገራል። ዕድሜውን የሽመናውን መርገጫ ሲረግጥ ስለኖረ መንገድ ላይም እያንዳንዱን እርምጃ ተጭኖ ነው የሚያነሳው። ዱቡሻ ላይ ሲነሳ ታላላቆቹ ሳይቀሩ እሱን ለመስማት ወደ ፊት ያጋድላሉ። ዱቡሻ የጋሞ ወንዶች የሚመክሩበት፣ የሚፋረዱበት፣ የሚታረቁበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ቆሞ የተናገሩት ቃል ተመልሶ አይዋጥም። አባቴ ሀብታም አልነበረም፣ ሹመትም አልነበረውም። ያለው ነገር እዚያ ሜዳ ላይ የሚደመጥ አንደበቱ ነበር።

እኔ እሱን ወሰድኩ። ሁሉንም ወሰድኩ፤ ጉሮሮውን፣ አውራ ጣቱን፣ እግሩን፣ የሚወርደውን ድምፅ። የሚቀጥለው ትርዒት ላይ ባላባቱ ወደ ጭሰኛው ተጭኖ እየረገጠ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያም ሴት ልጁን እንዲያስረክብ፣ እህል እንደሚጠይቅ ሰው በለሆሳስ ነገረው። አንድ ሰው አልሳቀም። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ስንወጣ ድንጋይ ጠበቀኝ፤ አንዱ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ካድሬው ደሜን በራሱ መሐረብ እየጠረገ «አሁን ጠሉህ!» ብሎ አቀፈኝ። ከዚያ ወዲህ ሲቀላ ላይ ዓሣ የሚሸጡልኝ በግድ ነበር። አንዷ ነጋዴ ዓሣውን መሬት ላይ ትወረውርልኝና ጎንበስ ብዬ እንዳነሳ ትጠብቃለች።

ተዋናይ ካየው ይወስዳል። ከየት ያምጣ? ዘፋኝ ዜማ ከአባቱ ወረሰ ሲባል እሰይ ይባላል፤ እኔ ሳል ስለወረስኩ ነው ወንጀለኛ የሆንኩት። ይህንን ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ። ዛሬም እናገራለሁ።

ጨንቻ ላይ በገበያ ቀን ስናሳይ አባቴ እዚያው ሕዝብ መሃል ነበር፤ ያልተሸጠ ቡሉኮ ትከሻው ላይ አድርጎ። ወጣሁ፣ ተጭኜ ረገጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጨንቻ እንደ አርባ ምንጭ አልፈራም። ከወጣቶቹ አንዱ «ይሄማ የኛ ሸማኔ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሰዉ እኔን ትቶ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ቡሉኮውን አስተካክሎ ሄደ። መሄዱ ደግሞ የባሰ ነበር፤ እየተጫነ ሲረግጥ ያዩት ሁሉ እያንዳንዱን እርምጃ በጭብጨባ ሸኙለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴ አርባ ምንጭ ድረስ ወርዳ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አባትህ ዱቡሻ ላይ ተነስቶ ነበር» አለችኝ። «በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ጉሮሮውን ጠረገ። እነዚያ የወጣት ማኅበር ልጆች ‹ባላባቱ ሊፈርድ ነው› ብለው ሳቁ። ትልልቆቹም ሳቁ። ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። እቤትም አይናገርም። ለምንድን ነው እሱን የምትሆነው? ጨንቻ ሙሉ ሰው ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ቲያትር ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ለአንተ ነው ቲያትር» አለችና የያዘችልኝን ቆጮ ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ባላባቱን አልተውኩትም። ምን ቆርጦኝ! ሌላ ባላባት አልነበረኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ ካድሬው «እናጣራለን» ይላል። ግን ፍርሃት ብቻ ነው ካልኩ ውሸት ነው። ጎበዝ ነበርኩ። ሰው ሲጠላኝ የምሰማው ዝምታ ነበረ፣ ከጭብጨባ የሚበልጥ። ሚስት ያገባሁትም በዚያው ሰሞን ነው፤ የጨንቻ ልጅ፣ የመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪ። ሰርጉ ላይ አባቴ መጣ፣ በላ፣ እጁን ራሳችን ላይ ጫነ። ቃል ግን አልወጣውም። ምርቃት የሌለው እጅ እንዴት እንደሚከብድ ሚስቴ ናት ያን ማታ የነገረችኝ።

ፊልም ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት እኔ በባላባትነት ስሜ ከጠና በኋላ ነው። ጄኔሬተር የጫነ መኪና፣ መብራት፣ ካሜራ፣ ኮፍያውን ገልብጦ የሚያደርግ ዳይሬክተር። ገበሬ ባላባቱን ገርስሶ መሬቱን ሲያገኝ የሚያሳይ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ አየኝና ወዲያው ለባላባትነት መረጠኝ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆችን በጅራፍ አባረርኩ፣ ሙዝ እርሻ ውስጥ በቅሎ ላይ ሆኜ ግብር ሰበሰብኩ። በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ጣለችኝ፤ ጓድ ዳይሬክተር ሁለቱንም አስቀረጸው። ካሜራ ከመድረክ ይከፋል። መድረክ ላይ ድንጋይ የሚወረውርብህን ታየዋለህ።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ የጋሞ አባቶች ዱቡሻ ወጥተው፣ እርጥብ ሳር ይዘው፣ ባላባቱን በገዛ ቋንቋቸው ይረግሙታል። ዳይሬክተሩ ተዋናይ አልፈለገም። እውነተኛ ሽማግሌ፣ እውነተኛ ሜዳ፣ እውነተኛ ቋንቋ አለ። ስለዚህ ጨንቻ ወጣን። ያው ካድሬያችን፣ ካቻምና ሽማግሌዎቹ ሳር ይዘው እንዳይሰበሰቡ «ጎጂ ባህል» ብሎ የከለከለው ሰው፣ አሁን ሳር ይዘው እንዲሰበሰቡ አዘዛቸው። ተሰበሰቡ። ግን አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ለእኔ ነገሩኝ፣ ለዳይሬክተሩ እንዳስተረጉም። «እዚህ ላይ ለጨዋታ አይረገምም። እርግማኑ የጨዋታ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሜዳው አያውቅም። ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ የተከለከለውን መድፈር ነው፤ ሰውን፣ ከብትን፣ ዝናብን ሳይቀር የሚያሳጣ። አስተረጎምኩ። ዳይሬክተሩ «እንዴት ደስ ይላል!» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ካድሬው ግን ሽጉጡን ከነአፎቱ ከወገቡ ፈትቶ ድንጋይ ላይ አኖረና ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ። ከዚያ በላይ አላስፈለገም፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ያኔ ነው አባቴ ከኋላ የተነሳው።

«እኔ እናገራለሁ» አለ።

ደነገጥን። ያን ሜዳ ላይ ድምፁ ከተሰማ ስንት ዘመኑ! ላልዋሽ፣ ደስ አለኝ። በቃ ታረቅን አልኩ፤ ሽማግሌዎቹን ከሽጉጥ፣ እኔን ከውርደት ሊያድን ተነሳ አልኩ። እየሮጥኩ ሄጄ ጆሮው ላይ ጎንበስ አልኩ።

«አባባ፣ ቋንቋውን አንዳቸውም አያውቁም። ፊትህን ብቻ ቆጣ አድርግ፤ አፍህ የፈለግከውን ይበል። ከፈለግክ መርቀኝ። ከፈለግክ ስለ ጥጥ አውራ።»

«የምለውን አውቃለሁ» አለኝ።

ዳይሬክተሩ መሃል ሜዳው ላይ አንበረከከኝ። አባቴ እርጥብ ሳሩን ይዞ ፊቴ ቆመ። ካሜራው መንቀሳቀሱ ተሰማ። አባቴ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ያን ቀን ከወጣቶቹ ማንም አልሳቀም፤ ሽጉጡ ድንጋዩ ላይ ነበር።

«ድምፄን ወሰድክ» አለኝ፤ በለሆሳስ፣ በቋንቋችን። «ከዚህ ሜዳ አስቀመጥከኝ። መልስልኝ አልልህም፤ ይዘኸው ሂድ። ቤትህ ገብቶ ይቀመጥ። እቤትህ የሕፃን ለቅሶ አይሰማ፤ እሱ ይሰማ። የአባትህ ቃል በጠማህ ቀን ይህንን ጠጣ።»

ሳሩን ፊቴ ላይ ጣለው።

ዳይሬክተሩ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አባቴን አቀፈው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ከዚህ ሽማግሌ ተማር! ይሄ ነው ትወና ማለት!» አለኝ። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ጥርት ብሎ ገብቷል» አለ። ሽማግሌዎቹ በመጡበት ሳይሆን በሌላ መንገድ ተበተኑ። እኔ ገና እንደተንበረከክሁ ነበር፤ ለጥንቃቄ አንዴ እንድገመው ብለው እንዳያስረግሙኝ ፈርቼ።

እቤት ድረስ ተከትዬው ሄጄ ለምን አልኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን አነሳ።

«ተናገር አላችሁኝ» አለ። «ተናገርኩ።»

ፊልሙ ተወደደ። ሌላው ንግግር ሁሉ አማርኛ ሲሆን የአባቴን ግን ሳይተረጉሙ እንዳለ ተዉት፤ እንዲያ ሲሆን ያምራል አሉ። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ቃል ያልገባው ሕዝብ ተነስቶ አጨበጨበለት። ለእኔም በር ተከፈተ፤ በሬዲዮ ድራማ ሌባ፣ በሌላ ፊልም ውስጥ ኮንትሮባንዲስት፣ ለበዓል ትርዒቶች ሁሉ የማይቀር ባላባት ሆንኩ። ኪነቱ በየክፍለ ሀገሩ ያዞረኝ ጀመር። የትም ብሄድ በዚያው ጉሮሮና በዚያው እግር ነበር የምሠራው፤ ሌላ ስሞክር ዳይሬክተሮቹ «ያንተን አድርግ» ይሉኛል። የኔ መሆኑ ነው!

እቤቴ ግን የሕፃን ለቅሶ አልተሰማም። የመጀመሪያው ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሐኪሙ የደም ነገር ነው አለ፤ እኔም የደም ነገር ነው አልኩ። አብዮተኛ ነኝ፣ በእርግማን አላምንም። አላምንም እያልኩ ሌሊት አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቼ የምነሳ ሰው ነበርኩ።

የሚስቴ እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎባቸው በየሰዉ ቤት ተደብቀው የሚጸልዩ አማኝ ነበሩ። ሁለተኛውን በቀበርን ማግስት መጥተው የልጃቸውን ልብስ በሻሽ ቋጠሩ።

«እኔ የጌታ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልፈራም» አሉኝ። «ዱቡሻ ላይ የተባለ ቃል ግን ተብሏል። ያሰረው አፍ እዚያው ቆሞ እስኪፈታው ልጄ እዚህ ቤት አታድርም።»

ሚስቴ እያለቀሰች ሄደች። ተስፋ ግን አልቆረጠችም፤ ከእኔ እሷ ትሻላለች። ጨንቻ እንደደረሰች እርጥብ ሳር ነጭታ አባቴ ደጅ ሄዳ ተንበረከከች። በኛ አገር ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው እንቢ ማለት አይቻልም፤ የገደለ እንኳ በዚያ ይታረቃል። አባቴ ሽመናውን አቁሞ፣ «ልጄ ይምጣ። ሜዳው ላይ እፈታዋለሁ» አላት። ያን ጊዜ ድምፁ ሻክሮ ነበር። ጉሮሮው ላይ እብጠት ወጥቶበት፣ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አይተውት «ብዙ አይቆይም» ብለዋል። ይህንንም አንድ ላይ ላከችብኝ፤ በሹፌር አፍ።

ሹፌሩ ያገኘኝ አዲስ አበባ፣ ለአብዮት በዓል ትርዒት ልምምድ ላይ ነው። ካድሬው ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ሊሞት ነው፣ ከመሞቱ በፊት የሚነግረኝ ቃል አለ አልኩት። እርግማን ነው አላልኩም፤ እንዳይስቅ።

«በዓሉ ይለፍ» አለ።

«ድምፁ እየጠፋ ነው፣ ጓድ።»

«ባላባት የሌለው ትርዒት አይቼ አላውቅም» አለና የክብሪት እንጨቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አሻገረ። «ደግሞ ከዚህ የጠፋ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ኮብላይ ይባላል፣ ከዚያ ይጣራል። ስለዚህ ቀረሁ። በዓሉ እስኪያልፍ፣ ባለሥልጣናት ፊት፣ በአባቴ ድምፅ በየቀኑ ተናገርኩ። እውነተኛው እዚያ ተራራ ላይ እያለቀ፣ የተሰረቀው እዚህ በማይክሮፎን ይጮሃል። ካድሬውን ልገድለው እችል ነበር። ምሳ አብሬው በላሁ።

ጨንቻ ስደርስ ሚስቴ ከመንገድ ተቀበለችኝና ራሷን ነቀነቀች። «ድምፁ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የለም» አለች።

ቢሆንም ዱቡሻ ወጣን። አባቴ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ፤ መሃል ሲደርስ ግን ልቀቁኝ ብሎ ብቻውን ቆመ። እርጥብ ሳር ያዘ። ተንበረከክሁ። ሚስቴ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች፣ እናቴም። አባቴ ጉሮሮውን ለመጥረግ ሞከረ፤ ድምፁ አልነበረም፣ አንገቱ ላይ ያሉት ጅማቶች ብቻ ተንቀሳቀሱ። አፉን ከፈተ። እስትንፋስ ወጣ። እንደገና ከፈተ። ከንፈሩን አየሁት፤ «ልጄ» የሚል ይመስለኛል። ይመስለኛል ብቻ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ያልተሰማ ቃል አይፈታም፣ አሉ። በዚህ መሃል እኚያ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ።

«ድምፁ አንተ ዘንድ ነው» አሉኝ። «ይሄ ሁሉ ሰው ያውቃል። እሱ ሳሩን ይያዝ፤ አንተ በሱ ድምፅ ቃሉን ተናገር። እሱ ለያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቅንቅ። ተቀብለናል።»

አባቴን አየሁት። ረጅም ጊዜ ተመለከተኝና ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ። ተናገር ነው ያለኝ።

ተነሳሁ። ስንት ዓመት የሠራሁት ነገር ነው፣ አንድ ቀን ለጽድቅ ሊውል ነው አልኩ። እግሬን ተጭኜ ቆምኩ። አውራ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አሳለፍኩ። ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ አድርጌ፣ ልክ እንደሱ ጠረግሁ።

አንዱ ሳቀ።

ከወጣቶቹ መሃል ነው፤ አስቦት እንኳ አይደለም፣ አመለጠው። ባላባቱን ያዩ ሁሉ ያቺን ሳል ያውቋታል፤ ከሳሏ በኋላ ምን እንደሚመጣም ያውቃሉ። ሁለተኛው አፉን በነጠላው ያዘ። ሦስተኛው አልቻለም። ከዚያ ሳቁ እንደ ድሮው ሜዳውን ዞረ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንስተው «ዝም በሉ!» እያሉ ጮሁ። እኔም ሳላስበው እንደ ባላባቱ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ዝም በሉ» አልኩ። የባሰ ሳቁ።

አባቴ የሳቁትን አላያቸውም። እኔን ነው ያየኝ። ሳሩን መሬት ላይ አልጣለውም፤ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እያንዳንዱን እርምጃ እየተጫነ። ዘንድሮም ያጨበጨበለት አልጠፋም።

በሳምንቱ ሞተ። ሚስቴ ቀብሩ ላይ ከጎኔ ቆመች፤ ከቀብሩ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ በኋላም ሌላ አገባች። ወልዳለች። በደንብ የሚያለቅሱ ልጆች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ያን ፊልም ሲቀላ አዳራሽ አሳዩት። ሌላ የሚያሳዩት አልነበራቸውም መሰለኝ። የኪነት ቡድኑ ተበትኗል፣ ካድሬው አንድ ቀን ጠዋት ክብሪቱን ትቶ ጠፍቷል፣ ከተማው ከየጦር ግንባሩ በሸሹ ወታደሮች ሞልቷል። ገብቼ መሃል ተቀመጥኩ። እናቴ አባቴን የምታስታውሰው በቡሉኮው ነው፤ እኔ ፎቶግራፉ እንኳ የለኝም። ድምፁ ያለው ደግሞ በዓለም ላይ እዚህ ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። እኔ የማወጣው የሱ አይደለም፤ ያን ቀን ዱቡሻ ላይ ገብቶኛል። የኔ ያስቃል፣ የሱ አያስቅም ነበር።

በቅሎዋ ጣለችኝ፤ ወታደሮቹ ሳቁ። ዓሣ አጥማጆቹን ገረፍኩ፤ ሰደቡኝ። ከዚያ ሜዳው መጣ። ተንበረከክሁ። አባቴ ሳሩን ይዞ ፊቴ ቆመና ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

ከጎኔ የተቀመጠው ወታደር በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ሽማግሌው ምን እያለ ነው?»

«የአባትህ ቃል በጠማህ ቀን ይህንን ጠጣ እያለ ነው» አልኩት።

በጨለማው ውስጥ ፊቴን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። «ባላባቱ! አንተ ነህ እኮ!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው።

«ዝም በል» አልኩት። «አባቴ እየተናገረ ነው።»